የእቴጌዎቹን ሳንቲም ጀርባውንም አሳዩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደሴ ከተማ የብር ጌጣጌጥ እየሠራሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። እሱ ደግሞ ባቲ ላይ ከአጎቱ ነው የለመደው። ጋዜጣችሁ ሱቄ ይመጣል። ከሰሉ እስኪቀጣጠል፣ ደንበኛ እስኪገባ እሱን ሳገላብጥ ነው የምቆየው።

በቅርቡ ስለ ጥንታዊት ሮማ እቴጌዎች የብር ሳንቲም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ እኔ ሥራ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ጥቂት ስለሆነ ደስ ብሎኛል። ቅር ያሰኘኝ ፎቶው ነው። ያተማችሁት በሙሉ የሳንቲሞቹን ፊት ብቻ ነው። እቴጌዋ በጎን ታያለች፣ ፀጉሯ በወግ ተሠርቷል፣ በዚያው አለቀ። ጀርባው የለም። ክብደቱም፣ ስፋቱም አልተጻፈም። ጽሑፉ ስለ አማልክትና ስለ መሠዊያ ያወራል፤ አማልክቱና መሠዊያው ያሉት ግን ባላሳያችሁን በኩል ነው።

ይህን በድፍረት የምለው ሁለቱን በእጄ ስለያዝኩ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሮም ይኖራል። ለዕረፍት ሲመጣ ከሳንቲም ሱቅ ከነደረሰኙ ሁለት ዲናር፣ ማለትም የጥንት ሮማ የብር ሳንቲም፣ ገዝቶ አመጣልኝ። ሰው የጥንት ሳንቲም ሲባል የመኪና ዋጋ ይመስለዋል። እንደዚህ ያለው በብዛት የተመታ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል። ሁለቱም የዩልያ ዶምና ናቸው።

ዩልያ ዶምና የሮም ልጅ አይደለችም። የተወለደችው ዛሬ ሆምስ በምትባለው የሶርያ ከተማ በኤሜሳ ነው። አባቷ እዚያ የፀሐይ አምላክ ካህን ነበር። ባሏ ሰፕቲሚዮስ ሰቬሮስም ከአፍሪካ ነው፤ ከሊቢያዋ ሌፕቲስ ማግና። እ.ኤ.አ. በ193 ነገሠ፣ እሷም እቴጌ ሆነች። እሱ በ211 ብሪታኒያ ላይ ሲሞት ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው አብረው ነገሡ። ዓመቱ ሳያልቅ ትልቁ ካራካላ ታናሹን አስገደለው። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ካሲዮስ ዲዮ እንዳለው ልጁ የተገደለው እናቱ እቅፍ ውስጥ ነው። እሷ በ217 ሞተች።

ይህን ሁሉ ማወቄ ሳንቲሙን እንዳነበው አግዞኛል። በፊቱ ዙሪያ «ዩልያ አውጉስታ» የሚል ጽሑፍ ካለ ሳንቲሙ ባሏ በሕይወት እያለ የተመታ ነው። «ዩልያ ፒያ ፌሊክስ አውጉስታ» ከሆነ ደግሞ ከ211 በኋላ፣ በልጇ ዘመን ነው። የእኔዎቹ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ስመለከታት ያ ሐዘን ገና አልደረሰባትም እላለሁ።

አሁን ወደ ጀርባው ልመልሳችሁ። በአንደኛው ላይ ሴት ቆማለች። ራሷን ተከናንባለች። ፊት ለፊቷ ትንሽ መሠዊያ አለ። በግራ እጇ የዕጣን ሙዳይ ይዛለች፤ በቀኝ እጇ ዕጣኑን እሳቱ ላይ ትበትናለች። ጽሑፉ «ፒዬታስ» ይላል፤ ለአማልክትም ለቤተሰብም የሚሰጥ ታማኝነት ማለት ነው። አጉሊ መነጽር ካደረጋችሁ የተከናነበችው ልብስ ከትከሻዋ ወርዶ ክንዷ ላይ ሲታጠፍ ይታያል። ሳንቲሙ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ቀራጩ ይህን ሁሉ ሳንቲሙ በሚመታበት ማኅተም ላይ ገልብጦ፣ ወደ ውስጥ ነው የቆፈረው። እኔ መስቀል ላይ ሐረግ ስስል አንዲት መስመር ከሳተችብኝ ቀኔ ይበላሻል። እሱ የሴት ጣት፣ ከጣቷ የሚወርድ ዕጣን ቀርጿል። አባቴ ቢያየው ኖሮ እጅ ይነሳ ነበር።

ያቺ ሴት ሱቄ ለሚመጣ ሰው እንግዳ አይደለችም። እኛ አገር ቡና ተፈልቶ ዕጣን ሲጨስ እናት የምታደርገው እንቅስቃሴ ያው ነው። ሰው ሁሉ ሲያያት ፊቱ ይፈታል።

ሁለተኛው ግን ወሬ ያስነሳል። ጀርባው ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ታጠባለች። ግራ እግሯ የመርከብ አፍንጫ ላይ አርፏል። ከኋላዋ መሠዊያና የመርከብ መቅዘፊያ አለ። ደንበኛዬ የሆኑ አንዲት እናት ሳሳያቸው ወዲያው ተሳለሙት።

«ልጄ፣ እመቤቴ ከነልጇ አይደለችም እንዴ?»

«አይደለችም እማማ። ኢሲስ ትባላለች፤ የግብፆች የጥንት አምላክ ናት። ሕፃኑ ሆረስ ነው።»

«ታዲያ እንዴት እንዲህ መሰለች?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሮማውያን ይህን ሥዕል ሲመቱት የእቴጌዋን እናትነት ማሞገሳቸው ነበር። ዙሪያውን የተጻፈውም የዘመን ደስታ የሚል ነው። የክርስቲያን ሥዕል ለመሆን ጊዜው ገና ነበር። ሮም ውስጥ ክርስቲያን በነፃነት ማምለክ የተፈቀደለት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ313 ነው። እማማ ይህን ስነግራቸው አልተቀየሙም። «የእናት ነገር አንድ ነው» ብለው ቡናቸውን ጠጡ።

ጎረቤቴ ሐጂ ደግሞ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። ጋዜጣችሁን አሳየኋቸው። ካተማችኋቸው ሳንቲሞች በአንዱ ላይ የእቴጌዋ ትከሻ ያረፈው ጨረቃ ላይ ነው። ከሥሩ ግን አንድም ማብራሪያ አልጻፋችሁም። ሐጂ ጣታቸውን ጨረቃዋ ላይ አድርገው «ይቺ ሴትዮ እስላም ናት ወይ?» አሉኝ። ሌላም ሰው ይህንኑ ሊጠይቅ ስለሚችል እኔ ልመልስ። ካራካላ በ215 አዲስ የብር ሳንቲም አስመታ፤ ዋጋው ሁለት ዲናር ነው ተባለ። ከዲናሩ እንዲለይ ንጉሡ የፀሐይ ጨረር ያለው አክሊል ደፋ፣ እቴጌዋ ጨረቃ ላይ ተቀመጠች። እሱ ፀሐይ፣ እሷ ጨረቃ። ከዚህ በኋላ እስልምና እስኪመጣ አራት መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። ሐጂም «አብሽሪ፣ ገባኝ» ብለው ጋዜጣውን ለልጃቸው ሊያሳዩ ወሰዱብኝ።

ጨረቃዋ ወደ እኛም አገር ትወስደናለች። የመጀመሪያዎቹ የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት አለ። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በቦታው መስቀል ገባ። ክርስትናን በሳንቲማቸው ላይ ቀድመው ካወጁት ነገሥታት አንዱ እሱ ነው። ከኢዛና በፊት የተመታ ሳንቲም ያገኘ ክርስቲያን ጨረቃውን አይቶ «የእኛ አይደለም» ቢል፣ እስላሙም «የእኛ ነው» ቢል ሁለቱም አላገኙትም። የሁላችንም የጥንት አባቶች ሥራ ነው። እኛ ወሎዬዎች በአንድ ቤት መስጊድ ሂያጅና ቤተ ክርስቲያን ሳሚ እያለን ያደግን ስለሆንን ይህን ለመረዳት አይከብደንም።

የሮማ ሳንቲም ወደዚህ አካባቢ የመጣው በእኔ ወንድም ሻንጣ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መመሪያ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ጥቂት ዲናር ይጠቅሳል፤ እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች መገበያያ ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመጠራ ነገር ነው። መጠራ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለች የአክሱም ዘመን ከተማ ናት። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲቆፍሩ አንድ የነሐስ ማሰሮ ተገኘ። ውስጡ ሁለት የወርቅ መስቀሎች፣ ሰንሰለቶች፣ ጨሌዎች ነበሩ። ከእነሱ ጋር 14 የሮማ ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው ክፍለ ዘመን።

እንደ ሠራተኛ አስቡት። ወርቅ ነው። ማቅለጥ ይቻል ነበር። መስቀል ያለው ሰው፣ ማለትም ክርስቲያን፣ የአረማዊ ንጉሥ መልክ ያለበትን ወርቅ ለምን አስቀመጠ? ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። አለማቅለጡ ግን ይታወቃል። ያ ሰው ባያስቀምጠው እኛ ዛሬ የምናወራው አይኖረንም ነበር።

የምጽፍላችሁ ዋና ምክንያትም ይኸው ነው። እዚህ ወሎ ውስጥ ብር ይቀልጣል። በየቀኑ ይቀልጣል። እኔም አቀልጣለሁ፤ እንጀራዬ ነው። የተሰበረ አልቦ፣ የተጣመመ አምባር፣ ቀዳዳው የተበላ የክታብ ማኅደር ይመጣል፣ ቀልጦ ቀለበት ይሆናል። በዚያ መካከል ግን ማንም ሳያየው የሚጠፋ አለ።

አንድ ቀን አንድ ነጋዴ በጨርቅ የቋጠረ ብር ይዞ መጣ። አብዛኛው የድሪ ቁርጥራጭ ነበር። ከመካከሉ አንዲት ትንሽ፣ ቀጭን ሳንቲም ወጣች። በጎን የሚታይ የንጉሥ ራስ አለባት፤ ራሱ ዙሪያ ደግሞ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል። ጠጋ አድርጌ አየሁት። ወርቅ ነው። የአክሱም ሠራተኞች አንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲም ላይ ንጉሡን በወርቅ ያስጌጡ ነበር፤ ያን ያህል ትንሽ ቦታ ላይ ወርቅ መለበጥ ምን ዓይነት እጅ እንደሚጠይቅ እኔ ነኝ የማውቀው። ለሰውየው ነገርኩት። ይህች አትቀልጥም፣ የት እንደተገኘች ጠይቅ፣ ወደ ሙዚየም ትሂድ አልኩት። ሳቀብኝ። «ሁለት ግራም ለማትሞላ ብር ይህን ሁሉ ወሬ?» ብሎ ጨርቁን ቋጥሮ ሄደ። በኋላ ሌላ ሠራተኛ ዘንድ ሁሉንም በአንድ ላይ እንዳቀለጠው ሰማሁ። ፎቶ እንኳ አላነሳኋትም፤ ጊዜ አልሰጠኝም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነጋዴው የሚያስበው በሚዛን ነው። በሚዛን ከሄድን የዩልያ ዶምና ዲናርም ዋጋ የላትም። ክብደቷ ሦስት ግራም ከምናምን ነው። ንጉሥ ኔሮ በ64 የዲናሩን ክብደትም የብሩንም ጥራት ቀነሰ። ሰቬሮስ ደግሞ ለወታደሮቹ ደመወዝ ሲያበዛ ግማሽ ያህሉን መዳብ አደረገው። እንዲህ ያለ ቅይጥ እሳት ላይ ሲግል ይጠቁራል፤ አንጥሬ የምወስደው ንጹሕ ብር አንድ ግራም ተኩል ገደማ ነው። ለአንድ ጆሮ ጉትቻ እንኳ በቅጡ አይበቃም። ሳትቀልጥ ግን ሶርያ፣ ሊቢያ፣ ግብፅና ሮም በአንድ ላይ ያሉባት ሳንቲም ናት።

የእኛ ሰው እቴጌ ያለችበት ብር ሲባል የሚያውቀው ማርያ ቴሬዛን ነው። ጠገራዋን። እሷማ ሌላ ነገር ናት። 28 ግራም ትመዝናለች፣ ከሺህ 833 እጇ ንጹሕ ብር ነው። 1780 የሚል ዓመት አለባት፤ እቴጌዋ የሞተችበት ዓመት ነው። ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈባት ስትመታ ኖረች፤ ጣሊያን እንኳ አገራችንን ሲወር ማኅተሙን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ አስመቷታል። አያቶቻችን ብልህ ነበሩ። የደረቷ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች በግልጽ ካልታዩ አይቀበሉም ነበር። ራሷ ላይ ያለው መሸፈኛ ባሏ በ1765 ከሞተ በኋላ የለበሰችው የሐዘን ልብስ ነው። ጀርባዋ ላይ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። የባቲ ሰኞ ገበያ በዚህች ሴት ብር ስንት ዘመን ተገበያየ! አባቴ ፊቷን በጣቱ ዳስሶ ብቻ እውነተኛዋን ከሐሰተኛዋ ይለይ ነበር። የድሮ ሰው ብሩን ያየው የነበረው እንዲህ ተጠንቅቆ ነው፣ ዛሬ የምናየው ሚዛኑን ብቻ ነው።

ስለ ሮማዎቹ ጥቂት ልጨምር፤ ጽሑፋችሁ ላይ የፋውስቲናዎች ነገር ተዳፍኖ ቀርቷልና። ትልቋ ፋውስቲና የንጉሥ አንቶኒኖስ ፒዮስ ሚስት ናት፤ በ140 ገደማ ሞተች። ባሏ አምላክ ናት ብሎ አወጀ፣ ሮም መካከል ቤተ መቅደስ ሠራላት። ድሃ ልጃገረዶች በስሟ የሚረዱበትን ገንዘብም አቆመ። ሞታ በስሟ የተመታው ሳንቲም እጅግ ብዙ ነው፤ ጀርባው ላይ «ዘላለም» የሚል ተጽፎ ይገኛል። ቤተ መቅደሱ ዛሬም ቆሟል፤ በኋላ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተደርጓል። ወንድሜ ዓምዶቹን ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። ልጇ ትንሿ ፋውስቲና ደግሞ ቢያንስ 12 ልጆች ወልዳለች። በ161 መንታ ስትወልድ ሁለቱ ሕፃናት ዙፋን ላይ ተቀምጠው በሳንቲም ጀርባ ተመቱ። ሌላ ጀርባ ላይ ሴት መሸፈኛዋን ወደ ፊቷ ስትስብ ትታያለች፤ ጨዋነት ማለታቸው ነው። እንግዲህ የእቴጌዎቹ ፊት መልካቸውን ነው የሚነግረን። አገሩ ከእነሱ ምን ይጠብቅ እንደነበር የሚነግረን ጀርባው ነው፤ ውለጂ፣ ጸልዪ፣ ተከናነቢ። ይህን የምለው እንደ ሴትም ጭምር ነው። ጀርባውን ካላሳያችሁን እነዚያን ሴቶች አላሳያችሁንም።

ከሙያዬ ለአንባቢ የምለው አለኝ። አሮጌ ሳንቲም ያለው ሰው በአመድም በሎሚም አይፈትገው። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ በስንት መቶ ዓመት የመጣ ቆዳው ነው። አንዴ ከተፈተገ አይመለስም፣ ጽሑፉም ይሳሳል። ሐሰተኛውን ለመለየት ጠርዙን ዞር እያደረጋችሁ እዩት። ጥንት ሳንቲም የሚሠራው የጋለ የብር ቁራጭ በሁለት ማኅተም መካከል መስፍ ላይ ተደርጎ በመዶሻ ሲመታ ነው። ስለዚህ ክቡ ዝንፍ ይላል፣ ጠርዙ አንዳንዴ ይሰነጠቃል። በቅርጽ የፈሰሰ ከሆነ ግን ዙሪያውን የስፌት የሚመስል መስመር ይታያል፣ ፊቱም ላይ የአረፋ ቀዳዳ ይኖረዋል። መሬት ውስጥ የተገኘ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የግል አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። የወሎ ሰው የቅርስ መጥፋት ምን እንደሆነ ያውቃል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ እስኪመለስ ስንት ዕንባ ፈሷል! መስቀሉ ቢያንስ ተመለሰ። የቀለጠ ከየት ይመለሳል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ጽሑፉን ድገሙት። በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱን ሳንቲም ፊትና ጀርባ ጎን ለጎን፣ በእውነተኛ መጠኑ አትሙ። ክብደቱን ከሥሩ ጻፉ። ከሮማዎቹ ቀጥሎ የአክሱሞቹን፣ ከዚያ ማርያ ቴሬዛን አስቀምጡ። በአንድ ገጽ ይሁን፤ ቆርጠን ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው። እኔ ለደሴና ለባቲ ብር ሠሪዎች አዳርሳለሁ፤ ኮምቦልቻም የሚያደርስልኝ አለ። እንደዚያ ያለች ቀጭን ሳንቲም ከጨርቅ ቋጠሮ ስትወጣ ሠራተኛው ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ እንዲያይ ነው።

ቅዳሜ ሊወጣ ከተቻለ ለሰኞ ገበያ ይደርሳል። የእኔን ሁለቱን ዲናሮች ከፈለጋችሁ ከማስመሪያ ጋር አድርጌ በሁለቱም በኩል ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ብር ሠሪዋ ከደሴ